የእግር ሹሟና ሁለተኛው መስመር

አህያዋ ዳገቱ መካከል ላይ ቆመች። ቢጎትቷት፣ ቢለምኗት፣ ከኋላ ቢገፏት ወይ ፍንክች። ሚ ሩይቺን ትንሽ ጠበቀችና ተስፋ ስትቆርጥ ወረደች፤ የቀረውን መንገድ በእግሯ ልትወጣው ነው።

«ይችን አህያ ከየት ነው ያመጡልኝ ጋሽ ሉ?»

«ከወረዳው ግቢ ነዋ እትዬ። እሷም እንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አለቃ ካላያት አትንቀሳቀስም» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ገመዱን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ይህን ሲሉ በግራ እጃቸው ማጅራታቸውን ዳበሱ። ንጉሡ ከዙፋን ወርዶ የወንዶች የፀጉር ጉንጉን በመቀስ ከተቆረጠ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ የሉ እጅ ግን አሁንም እየሄደ ጉንጉኑን ይፈልጋል።

የሩይቺን አረማመድ አረማመድ አይባልም። ስድስት ዓመት ሲሞላት እናቷ እግሯ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር አራቱን የእግር ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋ አሰረቻት፤ ሠላሳ ሦስት ሲሞላት ማሰሪያውን ራሷ ፈታችው። ማሰሪያ ይፈታል፤ ሃያ ሰባት ዓመት የታጠፈ አጥንት ግን በአዋጅ አይቃናም። ሰፋ ያለ ጫማ ታደርጋለች፣ ባዶውን በጥጥ ትሞላዋለች፣ ከሩቅ ለሚያያት እንደማንኛዋም ባለ ሙሉ እግር ሴት ትመስላለች። ዳገት ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። በተረከዟ ብቻ እየተንገዳገደች፣ የግራ እጇን ግድግዳ በሚያህለው ቢጫ አፈር ላይ እየደገፈች ትወጣለች፤ በየሃያ እርምጃው ደግሞ አገር የምታይ መስላ ትቆማለች።

ባሏ መምህር ነበር፤ ሞቷል። አንድ ልጇ ዪሹ በክፍለ ሀገሩ ከተማ የመምህራን ትምህርት ቤት ገብቷል። እሷ ማንበብና መጻፍ ስለምትችል፣ ገዥው እግር ማሰርን በከለከለ በሁለተኛው ዓመት ወረዳው የእግር ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠራት፤ ሕዝቡ ደግሞ «የእግር ሹሟ» አላት። በየመንደሩ ስትደርስ ልጆቹ ተሯሩጠው ይገቡና ማሰሪያቸው ይፈታል፤ ጀርባዋን ስታዞር ይታሰራል። ይህንንም ታውቃለች። እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተዋወቁ ኖረዋል፤ እሷም ሰለቻት።

ባዶዋን ሲሆን መራመድ የጀመረችውን አህያ እየሳቡ የሚከተሏት ሉ ድንገት አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ሸተተኝ» አሉ።

«እኔም ሸቶኛል።»

ከላይ ከሺጎው መንደር በእንፋሎት የሚበስል የሚያጣብቅ የዳጉሳ ቂጣ ከደረቅ ቁርቁራ ጋር ይሸታል። ሌላ ቀን ቢሆን ምራቅ የሚያስውጥ ነው። ዛሬ ግን ስምንተኛው ወር ሃያ አራት ነው። ሴት ልጅ እግሯን የምትታሰረው በዚህ ቀን ነው፤ ከመታሰሯ በፊት ይህን ቂጣ ትበላለች፤ «አጥንትሽ እንደ ቂጣው ይለስልስ» ይሏታል። ሩይቺንም ራሷ በልታው ነበር። እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳችም፤ በዚህ ነገር ራሷን ትታዘበዋለች።

«ከላይኛው ረድፍ ነው። ከጌንግ ቤት» አሉ ሉ። «የልጅ ልጃቸው ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ይግቡና ይጨርሱት፤ እኔ ከዚች ባልደረባዬ ጋር ውጭ እጠብቅዎታለሁ።»

የጌንግ ዋሻ ቤት በር አልተቆለፈም። ሩይቺን ሸሽተው ወይም ደብቀው ታገኛቸዋለች ብላ ነበር የጠበቀችው። መጋረጃውን ስትገልጥ ግን ሁሉም ነገር በግልጥ ተዘርግቷል። ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው መደብ ላይ የፈላ ውሃ በገበታ፣ በሰሃን ቁስል የሚያደርቅ የተፈጨ ሸብ፣ ክር የገባበት መርፌ፣ አሥር ክንድ የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዕቃው አጠገብ እማማ ጌንግ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጥርሳቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ግን መርፌ ነው። ምራታቸው ላንዢ ከጥግ ሆና መዘውሩን እያሽከረከረች ጥጥ ትፈትላለች፤ የሁለት ዓመት ወንድ ልጇ አጠገቧ ተኝቷል። ትንሿ ሺያውማን ቂጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ትበላለች፤ ጉንጯ እስከ ጆሮዋ ተጨማልቋል።

«ይግቡ እሜቴ። ቂጣ ላቅርብልዎት?» አሉ አሮጊቷ።

«ይቆየኝ እማማ። ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ።»

«እንዴት አላውቅም። ከታች ጀምሮ ሲያቃስቱ ሰማሁዎት እኮ። አረፍ ይበሉ፤ እግርዎትን ከፍ ያድርጉት።»

ሩይቺን ተቀመጠች። ባትቀመጥ ይሻል ነበር፤ የተቀመጠ ሹም ግማሹን ተሸንፏል። ነገር ግን ተረከዟ እየጮኸባት ነው።

«በጸደይ ወር ፈርመው ነበር። ሴት ልጅ አላስርም ብለው አውራ ጣትዎን አኑረዋል» አለች።

«አኑሬያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።»

ሺያውማን ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች አላወቀችም። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ቀይ ጫማ ይሰፋልኛል» አለች። «የጎረቤታችን ልጅ አላት። እኔ ብቻ ነኝ የሌለኝ። እግሬን እያየች ዳክዬ ትለኛለች።»

«ያማል እኮ የኔ እናት» አለች ሩይቺን።

«አውቃለሁ። እሷም አልቅሳለች፤ አሁን ግን ትታዋለች» አለችና ቁርቁራውን ከቂጣው ውስጥ በጥፍሯ ፈልቅቃ ጎረሰችው።

ሩይቺን በየመንደሩ የምትለውን ማለት ጀመረች። ስለ አጥንት ተናገረች፣ ስለ መግል ተናገረች፣ ጎርፍ ሲመጣ ሮጠው ማምለጥ ስላቃታቸው ሴቶች ተናገረች። ድምጿን ራሷ ስትሰማው የሌላ ሰው ይመስላታል። አሮጊቷ ሳያቋርጡ አዳመጡና ስትጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም ተናገሩ። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ አውቃለሁ» አሉ። «ሦስት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ሦስቱንም በዚህ እጄ አሰርኩ። መካከለኛዋ እግሯ መግል ያዘ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን ሞተች። ፍቺልኝ ስትለኝ ነበር። አልፈታሁላትም። ሌሊት ሌሊት አሁንም ትለኛለች። እና እርስዎ እንደሚያም ሊነግሩኝ ነው የመጡት?»

የላንዢ መዘውር ትንሽ ቀስ አለና እንደገና ፈጠነ።

«ይህን አይተው ደግሞ የልጅ ልጅዎን ያስራሉ?» አለች ሩይቺን።

«ሁለቱ ተዳሩ እኮ።»

ሺያውማን ጣቷን ትልሳለች።

«የታችኛውን መንደር ሰባኪ ልጅ አያውቋትም?» ቀጠሉ እማማ ጌንግ። «አባቷ አዲስ ሃይማኖት ገባና አላስርም አለ። እሰየው፣ እንደ ወንድ ልጅ ስትሮጥ አደገች። ሦስት ጊዜ ታጨች። ሦስቴም የወንዱ ወገን መጥተው ውሃ ተሸክማ ስትመጣ አዩዋትና ከበር ተመለሱ። በሃያ አምስት ዓመቷ ከተራራው ማዶ ላለ አንድ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ሁለተኛ ሚስት ሆነች። የመጀመሪያዋ ሚስት ከከብት ጋር ታሳድራታለች ይባላል። አባቷ ልጄን አዳንኳት እያለ ሞተ። እሷን የጠየቀ ግን የለም።»

«አሁን ሕግ አለ እማማ።»

«ሕግማ መቼ ጠፍቶ። በቅድመ አያቴ ዘመን ንጉሡ ከልክሎ ነበር አሉ። በኔ ጊዜ እቴጌይቱ ከለከሉ። አሁን ደግሞ ገዥው። ሁሉም ከለከሉ፣ ሁሉም አለፉ። ሹም ይሻራል እሜቴ፤ አማት አትሻርም።»

ሩይቺን ከቦርሳዋ የመንደሩ ሰው የፈረመበትን ወረቀት አውጥታ መደቡ ላይ ዘረጋችው፤ ዘርግታም ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም።

«እስቲ ያንብቡልኝ» አሉ አሮጊቷ።

«የመጀመሪያው መስመር፦ ሴት ልጄን እግሯን አላስርም። ሁለተኛው መስመር፦ ለወንድ ልጄ እግሯ የታሰረ ሙሽራ አላመጣም።»

«ከመጀመሪያው በታች ስንት ጣት አለ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ከሁለተኛውስ?»

ሩይቺን ወረቀቱን በመዳፏ አቃናች። አሮጊቷ ጠበቁ። መጠበቅ ያውቁበታል።

«ምንም የለም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲህ ይዩት። መንደሩ በሙሉ ልጄን አላስርም ብሏል፤ ያልታሰረች አገባለሁ ያለ ግን አንድ ቤት የለም። ታዲያ ሺያውማንን ሳላስር ለማን ላሳድጋት? ለገዥው?»

«አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው ይከተላል።»

«እንግዲያው አንቺ ጀምሪያ።»

እርስዎታው ከመቼው እንደጠፋ ሩይቺን አላስተዋለችም።

«ወንድ ልጅ አለሽ አይደል? አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። አማጯ ኒዩ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት አሁን የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጣ ነበር። የዱዋን ቤት ሰዎች የልጃቸውን ጫማ ልከው እግር ሹሟ ዘንድ ሳጥን ውስጥ ገብቷል ስትለን፣ አይ ያን ቀን የሳቅነው። ጎኔን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አልኩ።»

የሩይቺን ፊት ጋለ። ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ ወለሉን አየች፣ በጥጥ የተጠቀጠቀ ጫማዋን አየች።

እውነት ነው። የሙሽራይቱ ወገን ልጅቱ በእጇ የሰፋችውን ጫማ በአማጭ ይልካል። የወንዱ እናት በወር ውስጥ ከመለሰችው አልፈለገችም ማለት ነው፤ ካስቀረችው ነገሩ አልቋል። ጫማው እሷ ጋ ከገባ ሃያ ቀን አልፎታል። ልጅቱ የታሰረችው ከአዋጁ በፊት ስለሆነ ሕግ አልጣስኩም ብላ ራሷን አታላለች። አማጯ እጀ ወርቅ ናት፣ ጭምት ናት ብላታለች። ከዚህ በታች ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ልጇ ከተማ ውስጥ ባለ ሙሉ እግር ተማሪ ቢያገባ፣ ያቺ ልጅ በየማታው የአማቷን እግር አይታ ታዝንላታለች። ሩይቺን ይህን ማዘን ፈራችው። ጫማው ደግሞ ያምር ነበር። ከመዳፏ የማይበልጥ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ የተጠለፈበት ጫማ ነው። ሁለት ጊዜ ከሳጥን አውጥታ አይታዋለች፤ ሁለት ጊዜም ራሷን ጠልታ መልሳ ከታዋለች።

«አልፈርድብሽም» አሉ እማማ ጌንግ፤ አሁን በድምፃቸው ፌዝ አልነበረም። «እኔም ብሆን አስቀረው ነበር። ለዚህ እኮ ነው የማስራት።»

ሩይቺን ከቦርሳዋ ቀለሟንና ብሩሿን አወጣች። ከሁለተኛው መስመር በታች ስሟን ጻፈች፣ ከስሟ ቀጥሎ «ለልጄ ዪሹ» ብላ ጨመረች። ከዚያ በቀለም የተነከረ ጣቷን አተመችበት።

«ጫማውን እመልሳለሁ» አለች።

«የዱዋን ልጅስ?»

ይህን ያለችው ላንዢ ነች። መዘውሩ ቆሟል። አማቷ ባሉበት፣ እንግዳ በተቀመጠበት አፍ አውጥታ የተናገረች የመጀመሪያ ቀኗ ሳይሆን አይቀርም፤ አሮጊቷ ዞረው አዩዋት።

«ምን አጠፋች?» አለች ላንዢ፣ ቀስ ብላ። «እኔ ብሆንስ የሚመለሰው ጫማ? እኔም እኮ የተመረጥኩት በጫማ ነው።»

«አላጠፋችም» አለች ሩይቺን። አንዷን ለማዳን ሌላዋን መግፋት ሊሆን ነው፤ ካልተገፋችም የምትድን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየመንደሩ ስትናገር ይህን አላሰበችውም ነበር። ሌላው ሁሉ አስቦት ነበር፤ ለዚህ ነው ሁለተኛው መስመር ባዶ የቀረው።

ላንዢ ከመደቡ ወረደች። በትንንሽ እርምጃ መጣችና ቀለሙ ላይ አውራ ጣቷን ነከረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አማቷ።

«ወንድ ልጅ አለኝ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«የወለድኩት እኔ ነኝ እማማ» አለችና ጣቷን ከሩይቺን ስም በታች አኖረች። ጣቷን በቀሚሷ እንኳ ሳትጠርግ ተመልሳ ጥጧን ያዘች። ባዘቶው በቀለም ተበከለ፤ አላየችውም።

እማማ ጌንግ ይጮሃሉ ብላ ሩይቺን ጠበቀች። አልጮሁም። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሁለት» አሉ። «አንዱ ከተማ ያለ፣ አንዱ ጡት ያልጣለ። ይኸን ይዘሽ አገር ልትቀይሪ ነው።»

«ለዛሬ ሁለት ነው።»

አሮጊቷ ጨርቁን አንስተው እንደገና አጥብቀው ጠቀለሉት። እሳት ውስጥ አልከተቱትም፤ ከመደቡ በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጡት፣ እጃቸው በቀላሉ ከሚደርስበት።

«ሁለተኛው ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ሌላ መልካም ቀን አለ። እስከዚያ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ አጥንቷ ይጠነክራል፣ ስቃዩ እጥፍ ይሆናል፤ ያንን አላደርግባትም። ከዚህ መስመር በታች አሥር ስም አምጪልኝ፣ ወንድ ልጅ ካላቸው ቤቶች። አሥር ከሆነ ጨርቁን አንቺው ታቃጥይዋለሽ። ዘጠኝ ከሆነ ዳገቱን አትውጪው፤ እግርሽም ይረፍ።»

«ቀይ ጫማዬስ?» አለች ሺያውማን። ማንም ስላልመለሰላት ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያስለቅሳት ነገር ይህ ነበር።

ውጭ ሉ አህያዋን እያሻሹ ቆመዋል።

«ስንት ተፈረመ?»

«ሁለት።»

«ካለፈው ጊዜ ይሻላል።»

ቁልቁለቱን ያለ ወሬ ወረዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሩይቺን ከአህያዋ ላይ ሆና፣ «ጋሽ ሉ፣ እርስዎ ወንድ የልጅ ልጅ አለዎት አይደል?» አለች።

ሽማግሌው ማጅራታቸውን ዳበሱ። «አለኝ እትዬ። እባክዎ እንዳይጠይቁኝ። እኔ ከወንበዴ ጋር ተታኩሻለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ግን እዚህ ነገር ላይ አልገጥምም።»

አልጠየቀቻቸውም።

በማግስቱ አማጯን አስጠራቻት። ኒዩ ጫማው ሊመለስ መሆኑን ስትሰማ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። «እኔ ጫማ አደርሳለሁ እንጂ አልመልስም» አለች። «ያን በር ነገም አንኳኳዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። አንቺ ካበላሸሽው አንቺው ውሰጂው።» ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ሩይቺን ጫማውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሉንና አህያዋን ይዛ ከወንዙ በታች ወዳለው የዱዋን ቤት ወረደች።

እትዬ ዱዋን በሩን ሲከፍቱ ፈገግ ብለው ነበር። የወንዱ እናት ራሷ ስትመጣ ለመልካም ነው ብለው አስበው ይሆናል። ጥቅሉን በእጇ ሲያዩ ፈገግታው እዚያው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ጎረቤት እንዳያይ ፈጥነው አስገቧት። ከውስጠኛው ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የመፍተያ መዘውር ይሰማል።

ሩይቺን ያሰበችውን ሁሉ በትክክል ተናገረች። ልጅቱ ምንም እንከን የለባትም አለች። እኔ የተሾምኩበት ነገር ነው፣ ቃል ገብቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ ጎንበስ ስትል እግሯ ከዳትና ጠረጴዛውን ያዘች።

እትዬ ዱዋን አላነሷትም።

«ሰባት ዓመት ሲሞላት አሰርኳት» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማታው በዚህ እጄ አጥቤ፣ በዚህ እጄ ጠቅልዬ። ሌላ ሰው እንዳይነካት። እናንተ እንድትወዷት ነበር እኮ። አሁን ደግሞ ታስራለችና አንፈልጋትም ትሉኛላችሁ። መቼ ነው የተለወጠው? ለምን ሳይነገረኝ ተለወጠ?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ምኑን ታውቂዋለሽ? ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እሷን ምን ላድርጋት? ንገሪኝ። በአንዷ ተሳሳትኩ፤ በሁለተኛዋ እንዳልሳሳት ንገሪኝ።»

ሩይቺን ቀለሙንና ወረቀቱን አወጣች። ዘረጋችው፤ ሁለቱን መስመር አነበበችላቸው። እትዬ ዱዋን ከሁለተኛው በታች ያሉትን ሁለት የጣት አሻራዎች አዩ። ከዚያ ቀለሙን ከሩይቺን እጅ በኃይል ነጠቁ።

«ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ» አሉ። «የእኔዋ ከተመለሰች የሌላዋም ትመለስ። ምን እንደሚመስል ይዩት።» አንድ ጊዜ አተሙ፣ ደግመው ለሁለተኛው ልጅ አተሙ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ነበር የተጫኑት።

አራት ሆነ። በሁለት ዓመት ሥራዋ ሩይቺን እንዲህ ያለ ቀን አግኝታ አታውቅም፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። በቁጭት የተፈረመ ፊርማ ፊርማ አይደለም ወይ? እማማ ጌንግ ቁጥር ነው የጠየቁት፤ በምን ልብ እንደተፈረመ አልጠየቁም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። የጫማውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ዞረች።

መዘውሩ ቆመ።

«እትዬ» አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ። የታጨች ልጅ ከወንዱ እናት ጋር አትነጋገርም፤ እትዬ ዱዋን ሊከለክሏት አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ተዉት። «ስፌቱ ነው? ጫፉ ላይ ያለው ፍሬ ትንሽ ጠምሞብኝ ነበር። ፈትቼ ደግሜ ልሠራው እችላለሁ።»

«አይደለም ልጄ። እንዳንቺ ስፌት አይቼ አላውቅም።»

መጋረጃው አልተነቃነቀም።

«እንግዲያው እግሬ ነው» አለች ልጅቱ። «ሲያስሩኝ ሰባት ዓመቴ ነበር። እምቢ እንድል ያን ጊዜ ለምን አልመጡም?»

ሩይቺን በሩን ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ እሷም ታስራ ነበር፤ ይህን ልትላት ፈለገች፣ ግን ለዚች ልጅ ምን ይጠቅማታል። ውጭ አህያዋ ታናፋለች፣ ሉ ይቆጧታል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች፤ እግሯ እንዲያርፍ ሳይሆን፣ እንዲህ ብላ የጠየቀቻትን ልጅ ትታ መሄድ ስላቃታት ነው።